ክኒን ከመጨመራችሁ በፊት ፌስታሉን አራግፉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአልዛይመር መድኃኒቶች

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ሐኪም “አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ነው” ካለ በኋላ ስለሚታዘዙት መድኃኒቶች ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ የጠያቂዎቹን ስም ትተን መልሰናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ አልዛይመር ነው ብሎ ዶኔፔዚል 5 ሚሊግራም ማታ ማታ እንድትወስድ አዘዘላት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ለውጥ የለም። እንዲያውም ያቅለሸልሻታል፣ ሌሊት እየቃዠች ትጮኻለች። ላቁመው? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ አያቁሙት፤ ሰዓቱን ይቀይሩት። ዶኔፔዚል ማታ ሲወሰድ አንዳንዱን ሰው ማቃዠቱና እንቅልፍ መንሳቱ የታወቀ ነው። የዛሬ ማታውን ይዝለሉና ነገ ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ ይስጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ጠዋት። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም ቀስ ብሎ ስለሆነ (ግማሹ እስኪወጣ 70 ሰዓት ያህል ይፈጃል) በመሐል ያለችው ግማሽ ቀን ምንም አታጎድልም። በዚሁ ምክንያት አንድ ቀን ቢረሳ በማግስቱ ሁለት መስጠት አያስፈልግም።

ማቅለሽለሹ የሚመጣው ከመድኃኒቱ አሠራር ነው። በአልዛይመር ቀድመው ከሚጎዱት የአንጎል ሕዋሳት ብዙዎቹ የሚነጋገሩት አሲቲልኮሊን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶኔፔዚል ይህን ንጥረ ነገር የሚሰባብረውን ኤንዛይም ይይዘዋል። ያለችው ትንሽ ቶሎ እንዳታልቅ ያቆያታል እንጂ የሞተ ሕዋስ አያስነሳም። ጨጓራና አንጀትም በዚያው ንጥረ ነገር ስለሚታዘዙ አብረው ይነቃሉ፤ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ይከተላል። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል፣ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ለጥቂት ቀን ሊመለስ ይችላል። ክኒኑ ያለ ምግብም ይወሰዳል ይባላል፤ ለሚያቅለሸልሸው ሰው ግን ምግብ ላይ መስጠት ይሻላል። በወር አንዴ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ይመዝኗቸው። ልብሳቸው እየሰፋ ከሄደ መድኃኒቱ እየጎዳቸው ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ።

“ለውጥ የለም” ስላሉት፣ ሦስት ሳምንት ለመፍረድ አይበቃም። 5 ሚሊግራሙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከተወሰደና ሰውነት ከለመደው ወደ 10 ይወጣል፤ ውጤቱ የሚታየው ደግሞ በወራት ነው። የሚጠበቀውን ልክ ማወቅም ደግ ነው። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በ70 ነጥብ በሚለካው የማስታወስ ፈተና ላይ ክኒኑን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በስድስት ወር ግድም የታየው ልዩነት በአማካይ 2.7 ነጥብ ነው። ትንሽ ነው። አንዳንዱ ቤት ውስጥ ይህቺ ትንሽ ነገር እናት ልጇን በስሙ መጥራቷ ትሆናለች፤ አንዳንዱ ቤት ምንም አትታይም። ስለዚህ “ተሻላት ወይ?” ብለው አይጠይቁ። “ከስድስት ወር በፊት ከነበረችበት ወርዳለች ወይስ እዚያው ናት?” ብለው ይጠይቁ። እዚያው መቆየትም ውጤት ነው።

ይህን በዓይን ግምት መያዝ ስለማይቻል ደብተር ይያዙ፤ የቡናው ሥርዓት እንደሆነ ጥሩ መለኪያ ነው። ዛሬ ቁጭ ብለው ይመልከቷቸው። ቡናውን ሳያሳርሩ ይቆላሉ? አቦሉን ቀድተው ቶናውን ረስተው ይነሳሉ? በረካውን “ገና አቦል ነው” ይላሉ? ሲኒ ለስንት ሰው እንደሚቀርብ ያውቃሉ? አራቱን መልስ ከቀኑ ጋር ይጻፉና በየወሩ ይድገሙት። ሐኪሙ ፊት “ደህና ናት፣ ትንሽ ነው” ከማለት አራት መስመር ጽሑፍ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። ለግፊት አቴኖሎል፣ ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉልበታቸው ዳይክሎፌናክ ይወስዳሉ። ጉንፋን በያዛቸው ቁጥር ደግሞ የጉንፋን ክኒን እንገዛላቸዋለን። ባለፈው ወር ዶኔፔዚል ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሲሄዱ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ መርሳቱም ባሰባቸው። መድኃኒቱ አይስማማቸውም ማለት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በደብዳቤዎ ከጠቀሷቸው መድኃኒቶች አራቱ ከአዲሱ ጋር ይጋጫሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ መውደቁ፤ ይህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። አቴኖሎል የልብ ምት ያዘገያል፣ ዶኔፔዚልም ያዘገያል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ልብ አንጎልን የሚያጠግብ ደም ሳትልክ ሰው ይወድቃል። አሁኑኑ አባትዎ ቁጭ ብለው ሳሉ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ሁለት ጣት ያሳርፉና ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ ላይ አይሆንም፣ ምቱ የሚዘልል ከሆነ ያታልላል። ከ50 በታች ከሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከ50 በላይ ቢሆንም ሁለቴ የወደቀ ሰው የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ ሳይነሳ ሌላ ዶኔፔዚል አይሰጠው። አቴኖሎሉን ግን በራስዎ አያቁሙት፤ ድንገት ሲቋረጥ ግፊቱና ልቡ ላይ ያምፃል። ሐኪሙ በሌላ ዓይነት የግፊት መድኃኒት ይቀይርላቸዋል። ፕሮፕራኖሎል፣ ዲጎክሲን ወይም ቬራፓሚል የሚወስድ ሰው ላይም ይኸው ነው።

ሁለተኛው አሚትሪፕቲሊን ነው። ዶኔፔዚል አሲቲልኮሊንን ያቆያል፤ አሚትሪፕቲሊን ደግሞ ያ ንጥረ ነገር ሥራውን እንዳይሠራ በሩን ይዘጋበታል። አንዱ የሚቀዳውን ሌላው ይደፋዋል። አሚትሪፕቲሊን በሽታው የሌለበትን ሰው እንኳ ያስረሳል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሆድ ያደርቃል። የጉንፋኑ ክኒንም እንዲሁ ነው፤ አብዛኛው ክሎርፌኒራሚን አለበት። በዚሁ ረድፍ የሚሰለፉት ፕሮሜታዚን፣ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒንና አርቴን እየተባለ የሚሸጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ናቸው። እነዚህን መቀነስ ብዙ ጊዜ አዲስ ክኒን ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማል፤ በዚህ አቋማችን የማይስማማ ሐኪም እምብዛም አይገጥማችሁም፣ ግን ጊዜ አጥቶ ሳይጠይቅ ሊያልፈው ይችላል። አሚትሪፕቲሊኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥም፤ እንቅልፍ መንሳትና ማስጨነቅ ይከተላል።

ሦስተኛው ዳይክሎፌናኩ ነው። ዶኔፔዚል የጨጓራ አሲድ ያበዛል፣ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ደግሞ የጨጓራን ግድግዳ ያሳሳሉ፤ ውጤቱ መድማት ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ከታየ ያው ነው፣ ቶሎ ይሂዱ። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ሁለቱን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሳይበልጥ፣ ጉበታቸው ደህና ከሆነ ይሻላል። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል።

ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን ያድርጉ። ትራስ ሥር ያለውን፣ ኮመዲኖ ውስጥ የቀረውን፣ ከጎረቤት የተበደሩትን፣ ጠብታውንም ሽሮፑንም፣ ግማሽ የቀረውን ስትሪፕ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ይክተቱና ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ወይም የመድኃኒት ባለሙያው ፊት ያራግፉት። የመድኃኒት ስም በቃል መናገር ያሳስታል፤ “ነጯ ክብ” የምትባል ክኒን ስንት ዓይነት ናት።

ጥያቄ፦ ሳውዲ ያለች እህቴ ለእናታችን ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የመርሳት መድኃኒት ላከችልን። ካርቶኑ ላይ ሪቫስቲግሚን 9.5 ይላል። እናታችን እዚህ ዶኔፔዚል እየወሰደች ነው። ሁለቱንም እናድርግላት ወይ? እንዴትስ ነው የሚለጠፈው? (ከሐረጎ አካባቢ)

መልስ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። ሪቫስቲግሚንና ዶኔፔዚል፣ ሦስተኛው ጋላንታሚንም ጭምር፣ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱን መደራረብ ማስታወስን አያበዛም፤ ትውከቱንና የልብ ምት መዘግየቱን ነው የሚያበዛው። ዶኔፔዚሉ ከተስማማቸው እሱው ይቀጥል፤ ልጥፉ የሚፈለገው ክኒን ለሚያስመልሰው ወይም መዋጥ ላቃተው ሰው ነው። እህትሽ በደግነት ብትልከውም 9.5 መነሻ አይደለም። የሚጀመረው በ4.6 ነው፣ በ24 ሰዓት 4.6 ሚሊግራም የሚለቅ ማለት ነው። ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ከተስማማቸው፣ ወደ 9.5 ይወጣል። በ9.5 የጀመረ ሰው ለሁለት ቀን ሲያስመልሰው ሊያድር ይችላል። ትልቁን ቆርጦ ግማሹን መለጠፍም አይሆንም፤ ስንት እንደሚለቅ አይታወቅም።

ሐኪሙ ወደ ልጥፉ እንዲቀየር ከወሰነ አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ቦታው የላይኛው ጀርባ ይሁን፣ ራሳቸው እንዳይነቅሉት። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ቅባት፣ ቅቤ፣ ሎሽን የነካው ቦታ አይይዝም። ከፖስታው የሚወጣው ሊለጠፍ ሲል ብቻ ነው። በመዳፍ 30 ሰከንድ ጫን አድርገሽ ያዢው። ላዩ ላይ ቀኑን በስክሪፕቶ ጻፊበት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት አሮጌውን ቀድመሽ ንቀዪ፣ አዲሱን ሌላ ቦታ ለጥፊ፤ ወደ አንድ ቦታ ለ14 ቀን አትመለሺ፣ አለበለዚያ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል። የነቀልሽውን የሚያጣብቀውን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ሕፃናት ከማይደርሱበት ጣይ፤ መድኃኒት ይቀርበታል። እጅሽን በሳሙና ሳትታጠቢ ዓይንሽን አትንኪ።

የሚፈራው ስህተት አንድ ነው፦ አሮጌው ሳይነቀል አዲስ መለጠፍ። ጠዋት ልጅ ይለጥፋል፣ ማታ ምራት ትለጥፋለች፣ ማንም ጀርባቸውን አላየም። ከአንድ በላይ ልጥፍ ተደርቦ ሰው የሞተበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለጣፊው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሙቀትም መድኃኒቱን ቶሎ እንዲለቅ ስለሚያደርግ ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ወይም እሳት ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው አይቀመጡ፤ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ወርደው ሲያልባቸው ደግሞ ጠርዙ ይላቀቃልና በቀን አንዴ እዩት። ከወደቀ አዲስ ለጥፋችሁ በተለመደው ሰዓት ቀይሩ። ልጥፉ ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ በነበረው መጠን አይቀጠልም፣ እንደገና ከ4.6 ይጀመራል። የተላከው ካርቶን ላይ የሚያልቅበትን ወርም እዩ፤ ሻንጣ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደከረመ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ አያቴ ማታ ማታ “ቤቴ ውሰዱኝ” እያሉ ይነሳሉ፣ “ልብሴን ሰረቃችሁኝ” ብለው ይሳደባሉ። ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ጸጥ አሉ፤ አሁን ግን እንደ እንጨት ደርቀዋል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ መራመድ አቃታቸው። ለእሱ ደግሞ አርቴን ይጨመር ተባልን። (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ አርቴኑ አይጨመር። ከላይ ያልነው በር ዘጊ መድኃኒት ነውና ድርቀቱን ትንሽ ሲያላላ አእምሯቸውን ያጨልመዋል። ችግሩ የሃሎፔሪዶሉ መጠን ነው። እንዲህ ላለ አዛውንት የሚጀመረው ከ0.25 እስከ 0.5 ሚሊግራም ሲሆን 5 ሚሊግራም ማለት ከ10 እስከ 20 እጥፍ ነው፤ ለወጣት ታማሚ የተሠራ መጠን ለአያት ተሰጠ ማለት ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ ወዳዘዘው ሐኪም ይሂዱ። ትኩሳት ከተጨመረበት በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሃሎፔሪዶልና የዚህ ቤተሰብ የሆኑ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች በመርሳት በሽታ በተያዙ አዛውንቶች ላይ የስትሮክና የሞት አደጋ እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአዲሶቹ ላይ በ2005፣ በእነ ሃሎፔሪዶል ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲል፣ በትንሹ መጠን፣ ለሳምንታት ብቻ ይሰጣሉ፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ “አሁንም ያስፈልጋል?” ተብሎ ይታያል። አያትዎ የሌሉ ሰዎች ወይም ሕፃናት ቤት ውስጥ ይታዩኛል የሚሉ፣ መድኃኒቱ ሳይጀመርም የሚንቀጠቀጡ ከነበሩ ይህን ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይለፉ፤ ሌዊ ቦዲ የሚባል የመርሳት በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ላይ ሃሎፔሪዶል በትንሹም አደገኛ ነው። ዲያዜፓምም መፍትሔ አይደለም፤ ያደናግራል፣ ይጥላል።

ሁከቱ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ ከሆነ አልዛይመር እንዲህ አይሮጥም፤ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት መያዝ፣ የሆድ ድርቀት ወይም የማይናገሩት ሕመም ይፈለግ። በየምሽቱ የሚመጣ ከሆነ ከመሸ በፊት አምፖሉ ይብራ፤ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ባትሪ መብራት አልጋቸው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሻማ ግን አይሁን። “ቤትዎ እኮ ይኸው ነው” ብሎ መከራከር ያባብሳል። “እሺ እንሄዳለን፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ” ማለት ከክኒን ይበልጣል።

ጥያቄ፦ እናቴ ረመዳንን ካልጾምኩ ትላለች። ክኒኗን እንዴት ላድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የመጾም ግዴታ አለባቸው ወይስ የለባቸውም የሚለውን ሼሁን ጠይቁ። የክኒኑ ነገር ቀላል ነው፦ ዶኔፔዚል በቀን አንዴ ስለሆነ ከማፍጠሪያው ምግብ በኋላ፣ በቴምርና በውሃው ላይ ሳይሆን እራቱ ከተበላ በኋላ ይሰጥ፤ ካቃዣቸው ወደ ሱሁር ይዙር። የሪቫስቲግሚን እንክብል በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር ስለሆነ አንዱ በማፍጠሪያ፣ ሌላው በሱሁር። ከክኒኑ ይልቅ የሚያሳስበው የውሃ ጥሙ ነው፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ካለ ያዞራል፣ ያደናግራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾሙ ክርስቲያን አዛውንቶችም የመጀመሪያው ምግብ ላይ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ሜማንቲን ጨመረ። የኩላሊት ችግር ላለበት ይሆናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ይሆናል፣ በልኩ። ሜማንቲን ከነ ዶኔፔዚል የተለየ መንገድ ስለሚሠራ አብሮ ይሰጣል፤ የሚጠቅመው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው፣ ገና በጀመረው ላይ ገንዘብ ማጥፋት ነው። አሰጣጡ፦ የመጀመሪያው ሳምንት 5 ሚሊግራም፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 15፣ ከአራተኛው ጀምሮ 20። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ክሪያቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሳይለካ አይጀመር፤ ኩላሊቱ ክፉኛ የደከመ ሰው ከ10 አያልፍም። ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የሆድ ድርቀት ያመጣል። ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕ ከእሱ ጋር አይሰጥም፤ ሽሮፕ ስትገዙ ንገሩ።

ጥያቄ፦ ክኒኑ አንዳንዴ ከተማው ውስጥ ይጠፋል። በሽታውም ገፍቷል። ብንተወውስ? የማስታወስ ቫይታሚን መርፌና ጊንኮ የሚባለው የዕፅ ክኒንስ? (ከደሴ)

መልስ፦ “ገፍቷልና አይጠቅምም” ማለት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የብሪታንያ ጥናት በመካከለኛና በከባድ ደረጃ ላይ ያሉ 295 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ዶኔፔዚል የቀጠሉት ካቆሙት በ30 ነጥብ በሚለካ የማስታወስ ፈተና በአማካይ 1.9 ነጥብ በልጠው ተገኝተዋል። የሚቆመው ሰውየው የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ማንንም ካልለየ ወይም ክብደቱና ልቡ ካልቻሉት ነው፤ ያኔም ከ10 ወደ 5 ለአንድ ወር፣ ከዚያ ይቆማል። ካቆሙ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ጥርት ያለ መውረድ ከታየ ተመልሶ መጀመር ይቻላል። እንዳይጠፋባችሁ የአንድ ወር ትርፍ ያዙ፤ የመጨረሻው ስትሪፕ ሲጀመር ግዙ እንጂ ሲያልቅ አትፈልጉ።

ጊንኮን በተመለከተ፣ በቀን 240 ሚሊግራም ለዓመታት ከ3,000 በሚበልጡ አዛውንቶች ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን አልከለከለም፤ አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን ለሚወስድ ደግሞ መድማትን ሊያበዛ ይችላል። የቫይታሚን ቢ መርፌ የሚጠቅመው የቢ12 እጥረት ላለበት ነው። እሱን ግን አትናቁት፤ ለዓመታት ሜትፎርሚን የወሰደ የስኳር ሕመምተኛና ሥጋ እምብዛም የማይበላ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ይችላል፣ እጥረቱ ራሱ መርሳት ያመጣል። የታይሮይድ ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ከወደቁ በኋላ ጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ደምም እንዲሁ። እነዚህ ምርመራዎች ሳይሠሩ “አልዛይመር” የተባለ ሰው ካለ ወደ ሐኪሙ መልሱት፤ ወረቀቱን ከፌስታሉ ጋር ይዛችሁ።